ለዘይቱኑ እባብ ሦስት ቀን

እናቴ ከውጫሌ በላይ ካለው መንደራችን ወርዳ ሐይቅ ዳር ወደሠራሁት ቤት ስትመጣ የያዘችው አንድ የትከሻ ቦርሳ ብቻ ነበር። ቦርሳዋን ባዘጋጀሁላት ክፍል ከበሩ ጀርባ ያለው ሚስማር ላይ ሰቀለችው እንጂ አልፈታችውም። ቁምሳጥኑን ከፍቼ አሳየኋት። «ማሻአላህ፣ ሰፊ ነው» ብላ መልሳ ዘጋችው። መስኮቱን ወደ ቂብላ ያስደረግኩት ለሷ ብዬ እንደሆነ ነገርኳት፤ መረቀችኝ። ከቦርሳው ግን መስገጃዋንና መቁጠሪያዋን ብቻ አወጣች። «ለሳምንት እኮ ነው የመጣሁት» አለችኝ፣ እኔ ገና ምንም ሳልል።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። አሥራ አንድ ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርቼ ስመለስ ሌላ ሕልም አልነበረኝም። እናቴ አጠገቤ እንድትኖር ነበር የፈለግኩት፤ ቤቱንም የሠራሁት ለዚያ ነው። እነዚያን ሁሉ ዓመታት እናቴ ለኔ ድምፅ ብቻ ነበረች፤ ኔትወርኩ ሲጠፋ አብራ የምትጠፋ። አሁን በሌላው ክፍል ስታስል፣ ጠዋት ለውዱእ ውኃ ስትቀዳ ልሰማት ፈለግኩ። እሷ ግን ደገኛ ናት። ለሷ ከውጫሌ በታች ያለው አገር ሁሉ ቆላ ነው፤ ቆላ ማለት ደግሞ ወባና እባብ ነው። ስለዚህ ያ ቦርሳ ከሚስማሩ ወርዶ ከተፈታ ትቀመጣለች፤ ካልተፈታ ትሄዳለች። በየጠዋቱ ክፍሏን የምጠርግ መስዬ እየገባሁ ቦርሳውን አየው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጩኸቷን ሰማሁ።

ከግቢው ጥግ ወደ ውኃው ያጋደለ ትልቅ የዘይቱን ዛፍ አለ፤ ከቦታው ጋር አብሮ ያገኘሁት ነው። ሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። እናቴ ፀሐይ ስትወጣ እዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መቁጠሪያዋን መቁጠር ጀምራ ነበር፤ እኔም ይህን አይቼ ልቤ ሞቅ ብሎ ነበር። ሮጬ ስደርስ ድንጋዩን ትታ ከግቢው መሃል ቆማለች፤ አንድ ጫማዋ እዚያው ቀርቷል። ጣቷን ወደ ዛፉ ቀስራ «ቅርንጫፉ ዓይን አለው! ቅርንጫፉ ዓይን አለው!» ትላለች።

እውነትም ዓይን ነበረው። ተቀምጣበት ከነበረው ቦታ ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ከአውራ ጣቴ የማይወፍር አረንጓዴ እባብ በቅርንጫፉ ላይ ርዝመቱን ሙሉ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል። ለኔ አዲስ አልነበረም። እናቴ ከመምጣቷ በፊት ሁለት ወር ያህል አውቀው ነበር። ሳልነግራት የቀረሁት ረስቼ ነው ብል ውሸቴን ነው። ብነግራት ከውጫሌ እንደማትነሳ ስለማውቅ ነው ዝም ያልኩት።

ጩኸቱን ሰምተው ጎረቤታችን መጡ። ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ በየዓመቱ ለግሸን ማርያም በእግራቸው ዳገቱን የሚወጡ፣ ከእናቴ ጋር በተዋወቁ በመጀመሪያው ቀን «ወንድምዓለም»፣ «እህትዓለም» መባባል የጀመሩ። ታንኳቸውን የሚገፉበትን ረጅም እንጨት ይዘው ነበር። የትኛው እባብ እንደሆነ ሳያዩ እንጨቱን ሲያነሱ እኔ «ኧረ ተዉት!» ልል አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«ቁም ወንድምዓለም! ሳይነገረው?»

ሽማግሌው እንጨታቸውን አወረዱ። «እውነትሽን ነው እህትዓለም። ይነገረው እንጂ» አሉ።

በኛ አገር ከሰው ቤት ወይም ግቢ የተገኘ እባብ ዝም ብሎ አይገደልም። ምን እንደሆነ አይታወቅማ። ጂን ሊሆን ይችላል፤ የቦታው ጠባቂ ሊሆን ይችላል፤ ተራ እባብም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሦስት ቀን በግልጽ ይነገረዋል። በሦስት ቀን ውስጥ ከሄደ ሄደ። እናቴ የቀረውን ጫማዋን እንኳ ሳታነሳ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ የመንደር ስብሰባ ላይ እንደሚናገር ሰው ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አንተ የአላህ ፍጡር! ይህ የልጄ ቤት ነው። እስላም ከሆንክ በነቢ፣ ክርስቲያን ከሆንክ በማርያም ይሁንብህ! ሦስት ቀን ሰጥቼሃለሁ። ሦስት ቀን ሞልቶ እዚህ ካገኘሁህ...» እዚህ ስትደርስ ቆም አለች። ሽማግሌው እንጨታቸውን እንደገና ጠበቅ አደረጉ። «ሦስት ቀን ሞልቶ እዚህ ካገኘሁህ እኔ ወደ ውጫሌ እመለሳለሁ!»

«ኧረ እህትዓለም! ይሄማ ተገላቢጦሽ ነው!» አሉ ሽማግሌው።

«ምኑ ነው ተገላቢጦሹ? በስተርጅናዬ ደም አላስፈስስም። ለኔ ሲባል አይሞትም። ከእባብ ጋር ደግሞ ጎረቤት አልሆንም። እሱ ካልሄደ እኔ እሄዳለሁ፤ አለቀ።»

ተናደድኩ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁበት ነገር ሁሉ በአንድ ቀጭን እባብ ፈቃድ ላይ ተንጠለጠለ። ያገኘሁት መልስ ደግሞ የሞኝ መልስ ነበር።

«ጆሮ እኮ የለውም እማ! እባብ ጆሮ የለውም። ምን ብትነግሪው አይሰማሽም።»

«አላህ ለማን ምን እንደሰጠ አንቺ ነሽ የምታውቂው?» አለችኝና ጫማዋን አንሥታ ገባች።

ስለ እባብ የማውቀው ከየት እንደሆነ እናቴ አታውቅም ነበር። ጅዳ የሠራሁበት ቤት አባወራ፣ ባባ ነበር የምንለው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ በመስታወት ሣጥን አረንጓዴ የዛፍ ዘንዶ ያሳድግ ነበር። ዝናብ ከማያባራበት ሩቅ ደን የመጣ ዘር ነው። ከገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ማዳም የውኃ መርጫ አስይዛኝ ወደዚያ ክፍል ገፋችኝ። ጠዋትና ማታ እንድረጭለት ነው። መጀመሪያ ሰሞን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የምረጨው፤ ግማሹ ውኃ ግድግዳው ላይ ይቀራል። እናቴ በስልክ «ሥራሽ ምንድን ነው?» ስትለኝ «አትክልት አጠጣለሁ» አልኳት። ያኔ ብዙም ውሸት አልመሰለኝም፤ አረንጓዴ ነው፣ እንጨት ላይ ነው፣ ውኃም ይፈልጋል።

ዘንዶው ቀኑን ሙሉ ከአንድ አግዳሚ እንጨት አይነቃነቅም። ገላውን ገመድ ላይ እንደተሰጣ ልብስ ግራና ቀኝ አጣጥፎ ይጥለውና ጭንቅላቱን መሃሉ ላይ ያሳርፋል። ስረጭበት ውኃው በገላው እጥፋት ላይ ይጠራቀማል፤ እሱም ከገዛ ገላው ላይ ይጠጣል። ዛፍ ላይ የሚኖር ፍጡር ውኃ ልጠጣ ብሎ መሬት አይወርድም፤ ዝናቡን ባለበት ይቀበላል። ከንፈሩ ላይ ትናንሽ ጉድጓዶች አሉት፤ በነሱ የሌላውን ገላ ሙቀት ያውቃል፤ በጨለማ እንኳ አይጥ የት እንዳለች አይጠፋውም። ልጆቹ ሲፈለፈሉ ቢጫ ወይም ቀይ ናቸው፤ አረንጓዴ የሚሆኑት ካደጉ በኋላ ነው። ሴቷ ደግሞ እንቁላሏን ጥላ አትሄድም። ተጠምጥማ ትታቀፈዋለች፤ ብርድ ሲመጣ ገላዋን እያንቀጠቀጠች ታሞቀዋለች። ይህን የነገረኝ ባባ ነው፣ ደስ ባለው ቀን። እባብ ለልጆቿ ብላ እንደምትንቀጠቀጥ ከሰማሁበት ቀን ጀምሮ ዓይኔን መጨፈን ተውኩ።

የዘይቱኑ እባብ የዚያ ተቃራኒ ነው። ያኛው ወፍራምና ሰነፍ ነበር፤ ይሄኛው ቀጭንና ችኩል። ያኛው በማታ፣ ይሄኛው በቀን። ሙቀት የሚያውቅበት ጉድጓድ የለውም፤ ያለው ትልቅ ክብ ዓይን ነው፣ አድኖ የሚበላውም በዓይኑ ነው። የሆዱ ቅርፊቶች ጠርዝ ስላላቸው ልጡን እየያዙ ቀጥ ባለ ግንድ ላይ ሽቅብ ያስኬዱታል። ጠዋት ፀሐይ ይሞቅና ወደ ዳር ወርዶ ደንገሉ ውስጥ እንቁራሪት ይፈልጋል። ሲያሰኘው ውኃው ውስጥ ገብቶ ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ ይዋኛል፤ ትናንሽ ዓሣም አያልፈውም። ከሁሉ የወደድኩለት ግን ተንኮሉን ነው። እስስት አይቶ ሲጠጋት ነፋስ ይጠብቃል። ነፋሱ ቅጠሉን ሲያወዛውዝ እሱም እየተወዛወዘ አንድ ስንዝር ይሄዳል፤ ነፋሱ ሲቆም ይቆማል። እስስት ራሷ እንዲያ አይደል የምትሄደው? ሁለቱን እያየሁ ሽሮዬ ያረረበት ቀን አለ።

አረንጓዴ የሆነ ሁሉ የዋህ ነው ማለቴ አይደለም። ቆላው ላይ መርዙ ሰው የሚገድል ሌላ አረንጓዴ የዛፍ እባብ እንዳለ ባባ ነግሮኝ ነበር። ስለዚህ የኛውንም ከሩቅ ነበር የማየው። ሽማግሌው ጎረቤታችን ግን ስንት ጊዜ ታንኳቸው ላይ ወጥቶባቸው በእጃቸው ወደ ደንገሉ እንደመለሱት፣ ቢነክስም ከእሾህ እንደማይብስ ይምላሉ። «የውኃው ልጅ ነው፤ አይጎዳም» ይላሉ። ለእናቴም ነገሯት። እሷ ግን ከወንድምዓለሟ ጋር እንኳ አልተስማማችም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እኔ ያየሁት ደግሞ ልጥ አይደለም» አለቻቸው።

ከሁሉ ያስቆጣት አለመሸሹ ነበር። «ያን ያህል ስጮህ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝ እንጂ አልተንቀሳቀሰም። ንቆኝ ነው!» አለች። እኔም ገርሞኝ ነበር፤ ይህ እባብ በር ሲከፈት የሚጠፋ ነው። ከሰዓት በኋላ ቀረብ ብዬ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ቆዳው ደብዝዟል። ዓይኑ ላይ የወተት ስልባቦት የመሰለ ነገር ጋርዶታል። ቆዳውን ሊቀይር ነው። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑም እንደ ሌላው ገላው ቆዳ ለብሷል፣ አሮጌው ቆዳ ከአዲሱ ሲለይ ዓይኑ ይጋረዳል። እናቴን አልናቃትም፤ አላያትም። እንዲህ የሆነ እባብ ደግሞ ባለበት ይደበቃል እንጂ ርቆ አይሄድም። የሦስት ቀኑ ቀጠሮ እባቡ መሄድ የማይችልበት ሳምንት ላይ ወደቀ ማለት ነው።

«ቆዳውን ሊቀይር ነው እማ፤ ጥቂት ቀን ጨምሪለት» አልኳት።

«ማን ነገረሽ?»

«ስልክ ላይ አየሁ።»

«ስልኩ ደግሞ እባብ ያሳያል? ወላሂ የሚያሳየው አጥቶ!» አለችና ቲማቲሟን መክተፍ ቀጠለች። ቃል ቃል ነው፤ ሦስት ቀን ካለች ሦስት ቀን ነው።

በሁለተኛው ቀን ያደረግኩት ነገር ዛሬም ያሳፍረኛል። እናቴ ዙሁር ስትሰግድ ጠብቄ ረጅም እንጨት ይዤ ሄድኩ። ቀስ ብዬ አንሥቼ ከአጥሩ ማዶ ወዳለው ደንገል ላሻግረው ነው ሐሳቤ። እንጨቱ ገላውን እንደነካው አንገቱን ነፋ፤ በቅርፊቶቹ መሃል ያለው ቆዳ ሰማያዊ ሆኖ ብቅ አለ። ያን ያህል ያምራል ብዬ አልጠበቅኩም። ከዚያ ያላየውን እንጨት ለመንከስ በጭፍን ሲወረወር እንጨቱን ለቅቄ ወደ ኋላዬ ዳሩ ላይ ያለው ጭቃ ውስጥ ቁጭ አልኩ። ከውኃው ላይ የሳቅ ድምፅ መጣ። ሽማግሌው ታንኳቸው ላይ ሆነው ሁሉን አይተዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ሦስት ቀኑ መች ሞላና ነው? ማስጠንቀቂያ እኮ የሚያስረው ተቀባዩን ብቻ አይደለም። ሰጪውም ይታገሣል!» አሉኝ።

ቀሚሴን ሳጥብ አለቀስኩ። የጭቃው ነገር አይደለም ያስለቀሰኝ። በሳቁ ውስጥ እውነት ስለነበረ ነው፤ የማደርገው ምንም ነገር እንዳልቀረኝ ገባኝ።

በሦስተኛው ቀን ማምሻውን እናቴ የውጫሌ ሚኒባስ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። መስገጃዋን ለሱብሒ ስለምትፈልገው ትታ መለዋወጫ ልብሷን አጣጥፋ ቦርሳው ውስጥ ከተተች። ቅር እንዳላላት ለማሳየት ይመስለኛል ብዙ ቀለደች፤ ስለ ትንኙ፣ ስለ ዓሣው ሽታ፣ ሽማግሌው ሲያስነጥሱ ደንገሉ ውስጥ ያሉ ወፎች እንዴት እንደሚነሡ። እኔ አልሳቅኩም። አኮረፍኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን አኮረፍኩ። «አኩራፊ ምሳው እራቱ ይሆናል» ብላ ሳህኔን ወደኔ ገፋ አደረገችው።

በማግስቱ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ወደ ዘይቱኑ ሄደች። ኩሩ ናት፤ ሳታረጋግጥ አትሄድም። እኔ ከበሩ አልተነሣሁም። ጥቂት ቆይቶ ጠራችኝ፤ የድምፅዋ ነገር ሌላ ሆኖብኝ ሮጥኩ።

እባቡ የለም። ቅርንጫፉ ላይ የተንጠለጠለው ቆዳው ብቻ ነው፤ ከአፉ ጀምሮ እስከ ጭራው ድረስ እንደ ካልሲ ተገልብጦ የወጣ፣ ነጭና ስስ፣ ነፋሱ የሚያወዛውዘው። የዓይኑ ሽፋን ሳይቀር አብሮ ወጥቷል።

«አየሽ?» አለችኝ ፊቷ በርቶ። «አየሽ? ሰማኝ! ሂድ አልኩት፣ ሄደ። ልብሱን እንኳ ሳይዝ ሄደ! አጃኢብ ነው!»

እኔ ምን ልበል? ቆዳ የጣለ እባብ አገር ጥሎ አይሄድም። ዓይኑ ጠርቶለት፣ ርቦት፣ አሁን እዚያ ደንገል ውስጥ እንቁራሪት እያሳደደ እንደሆነ አውቃለሁ። «አልሃምዱሊላህ» አልኩ።

እናቴ ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ከኋላዋ ተከትዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ቦርሳውን አልጋው ላይ ዘርግፋ ልብሶቿን አንድ በአንድ ቁምሳጥኑ ውስጥ ደረደረች። ከቦርሳው ሥር ከመንደር ያመጣችው የጎመን ዘር በጨርቅ ተቋጥሮ ወጣ። ለሳምንት የመጣ ሰው የጎመን ዘር ይዞ አይመጣም። መጀመሪያውኑ ልትቆይ አስባ ነበር ማለት ነው።

ቦርሳዋ በተፈታ በአራተኛው ቀን እባቡን አየሁት። ከግቢው ማዶ ጥግ ያለው ማንጎ ላይ ነበር፤ አዲስ፣ የሚያበራ አረንጓዴ ሆኖ። ከዚያ ቀን በኋላ ተንኮለኛ ሆንኩ። እናቴ ወደ ማንጎው ፊቷን አዙራ ስትቀመጥ ሌላ ጨዋታ አምጥቼ አዞራታለሁ። የልብስ ገመዱን ቀይሬ አንሶላውን በሷና በዛፉ መሃል እሰጣለሁ። ያልቆሸሸ አንሶላ ስንት ጊዜ እንዳጠብኩ አላህ ይቁጠረው።

እሷም የራሷን ጠባይ አመጣች። ዘይቱን ልልቀም ስል «አንቺ ተይ፣ እኔ እለቅማለሁ» ትለኛለች፤ ያቺ ከዛፉ ሥር ሸሽታ የጮኸችው እናቴ። ከአጥሩ ጥግ የከመርኩትን የቅጠል ክምር ለጎመኗ መደብ ልበትነው ስል ደግሞ ከአካፋው ፊት ቆመች። «አልበሰበሰም ገና፤ ወሩ ይሙላው» አለች። ስትገልጠው ጭስ የሚወጣው የበሰለ ክምር ነበር። የአርሶ አደር ልጅ፣ የአርሶ አደር ሚስት የሆነች ሴት ማዳበሪያ መብሰሉን እንዴት ታጣዋለች? እርጅና ነው ብዬ አዘንኩላት።

አንድ ቅዳሜ ከሐይቅ ከተማ ገበያ ቶሎ ተመለስኩ። ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ መንገዱ ላይ ስላወረደኝ እናቴ መምጣቴን አልሰማችም። በአጥሩ በኩል ስቀርብ ድምፅዋ ተሰማኝ፤ ሰው ያለ መስሎኝ ቆምኩ። ከቅጠሉ ክምር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ወደ ዘይቱኑ ቀና ብላ ታወራለች።

«በይ አሁን ወደ ላይ ውጪ፤ ልጄ መምጫዋ ደርሷል። ካየችሽ ቃሌን ታስታውሰኛለች፤ ቃሌን ካስታወሰችኝ ደግሞ መሄድ አለብኝ። ሁለታችንንም አታስወጪን።»

እባቡ፣ ወይም እንደ እናቴ አነጋገር እባቧ፣ ቅርንጫፉ ላይ ምላሷን ታወጣለች፣ ታስገባለች። የያዝኩት የሽንኩርት ፌስታል ከእጄ ወደቀ።

እናቴ ዞር ስትል ፊቷ እንደ ልጅ ፊት ደነገጠ። ከዚያ ግን እናት ናትና ቶሎ አገገመች።

«ሂድ ያልኩት ሄዷል! ቆዳውን አይተሻል፤ ምስክር አለኝ» አለች። «ይቺ ሌላ ናት። በዚያ ላይ አራስ ናት። እዚህ ክምር ውስጥ ገብታ እንቁላል ስትጥል በዓይኔ አይቻለሁ። አራስ ከቤት ይባረራል? በየትኛው አገር ነው አራስ የሚባረረው?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ቦርሳዬን በፈታሁ በማግስቱ ማንጎው ላይ አየኋት። አንቺ በአንሶላ ስትሸፍኚያት ደግሞ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።»

እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ሳቃችን ሲበርድ በእጇ ክምሩን እየዳሰሰች «ግን ስትታቀፍ አላየኋትም። ጥላቸው ነው የምትውለው። ይሄ ነው ያሳሰበኝ» አለችኝ።

«ይቺኛዋ አትታቀፍም እማ። የሚያሞቃቸው ቅጠሉ ሲበሰብስ የሚወጣው ሙቀት ነው። ሲፈለፈሉ ራሳቸውን ችለው ይሄዳሉ። የምትታቀፈው ያችኛዋ ናት፤ ዘንዶዋ። እሷ ተጠምጥማ እየተንቀጠቀጠች...»

«ያችኛዋ የትኛዋ?»

ስልክ ላይ አየሁ ልል ነበር። ግን ያን ጠዋት መዋሸት ደከመኝ። ሁሉንም ነገርኳት። አጠጣሁት ያልኳት አትክልት ምን እንደነበረ፣ ዓይኔን ጨፍኜ መርጨቴን፣ በኋላ መልመዴን። የቤቱ ሰዎች ለዒድ ወደ ዘመዶቻቸው ሄደው በሩን ከውጭ ሲቆልፉብኝ ለሱ «ዒድ ሙባረክ» እንዳልኩት። በዚያ ቤት በአማርኛ የሚሰማኝ ስላልነበረ ለሱ አወራለት እንደነበር። ስለ ውጫሌ ገበያ፣ ስለ እሷ፣ ሰፊ መስኮት ያለው ቤት እንደምሠራላት። በልጅነቴ የሰማኋቸውን ዜማዎች ሳይቀር እየሳትኩ አንጎራጉርለት ነበር፤ እሱም ገላውን አጣጥፎ ጭንቅላቱን መሃል ላይ አሳርፎ ይቆያል።

የእናቴ መቁጠሪያ እጇ ላይ ነበር፤ አልቆጠረችም። እኔ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። «በሩን ከውጭ?» አለች ቀስ ብላ። «አዎ» አልኳት። ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

ከዚያ ተነሥታ ወደ ዘይቱኑ ቀረበች፤ ያን ቀን ጫማዋን ጥላ ከሸሸችበት ቦታ ላይ ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች። ሦስት ቀን ስትሰጠው እንዳደረገችው ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ስሚኝ አንቺ የአላህ ፍጡር! እዚያ ባሕር ማዶ ዘመድ አለሽ። ልጄን አጫውቶልኛል። ብቻዋን አልተዋትም። እናቷ አላህ ይስጥልኝ ብላለች በይልኝ።»

እባቧ ምላሷን አወጣች፣ አስገባች፣ ነፋስ ሲመጣ ከቅጠሉ ጋር ተወዛወዘች። እናቴ መልስ እንደምትጠብቅ ሰው ቀና እንዳለች ቆየች። እኔም አጠገቧ ቆምኩ። በዚህኛው ጊዜ ጆሮ የላትም አላልኳትም።